«ለማንም እንዳትናገር» ብለውኝ ነበር

ጥያቄ፦ ያስተማሩኝ መምህር በቅርቡ አረፉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዕድሜያቸው 78 ነበር። ቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ የት ተወለዱ፣ የት አስተማሩ፣ ስንት ልጅ አፈሩ ብሎ አለቀ። አሁን አርባቸው ሊወጣ ነው፤ ልጆቻቸው «አንተ ተናገር» አሉኝ። እኔ ከገጠር መጥቼ፣ ከተማ ቤት ተከራይቼ ነው የተማርኩት። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ኪራዬን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ብሩን ያረሙት ደብተር ውስጥ አጥፈው ነበር የሚሰጡኝ። «ለማንም እንዳትናገር» ብለውኛል። ቤተሰቡም አያውቅም። ልናገር ወይስ ቃሌን ልጠብቅ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ተናገር።

«ለማንም እንዳትናገር» ያሉህ ለራሳቸው ብለው አይመስለኝም። ስንቁን ቅዳሜና እሁድ ከገጠር ተሸክሞ የሚመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ምን እንደሚባል ያውቃሉ። «ኪራዩን ቲቸር ነው የሚከፍልለት» ከተባለማ አለቀልህ! ያኔ የሸሸጉት አንተን ነው። አሁን ትልቅ ሰው ነህ፤ ምስጢሩ ያንተ ነው። የሌሎቹ ግን ያንተ አይደለም። እንዳንተ የረዷቸው ልጆች መኖራቸው አይቀርም፤ ማንነታቸውን ብታውቅም ስም አትጥራ። ፈልገው ከተነሱ ራሳቸው ይናገሩ።

እኔም አንድ ታሪክ አለኝ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልፈተን ስል ፎርሙ ላይ የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶ ማሠሪያ አጣሁ። የሒሳብ መምህራችን «ፎቶ አንሺው ዘመዴ ነው፣ በነፃ ያነሳሻል» ብለው ላኩኝ። አመንኩ። ነጠላዬን አውልቄ፣ የጓደኛዬን ሹራብ ተውሼ ተነሳሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ለቅሷቸውን ልደርስ ስሄድ ፎቶ አንሺውን ድንኳን ውስጥ አገኘሁት። «ለመሆኑ በምን ትዛመዱ ነበር?» አልኩት። «በምንም» አለኝ። «በየዓመቱ የፎርም ሰሞን ልጆች ይልኩብኛል፣ ደሞዝ ሲወጣ መጥተው ሒሳቡን ይዘጋሉ።» ስንት ልጅ እንደሆነ እሱም አልቆጠረም።

አሁን ወደ አንተ። ከአርባው በፊት ባለቤታቸው ዘንድ ብቻህን ሂድ። ይህን እንዳትዘነጋ። ቡና ይፈላል፣ ያኔ ንገራቸው። የመምህር ደሞዝ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ፤ ኪራይህ ከሳቸውም ጓዳ ጎድሎ ነው የተከፈለው። ምናልባት የሆነ ወር ላይ «ብሩ የት ገባ?» ተባብለው ተጣልተውበታል። ይህንን ሰው ፊት፣ በማይክሮፎን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት ይከብዳል። እሳቸው «ተው» ካሉህ ተው። እሺ ካሉህ ደግሞ ስታመሰግን እሳቸውንም ጥራ።

እግረ መንገድህን ሣጥኑን እንዲከፍቱልህ ጠይቅ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር መምህሩ በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ዘምተው ከሆነ የምስክር ወረቀታቸው እዚያ ይኖራል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ነበር፤ በየትኛው እንዳስተማሩ ጠይቅ። ከሰፈሩ አሮጊቶች በሳቸው እጅ ፊደል ቆጥረው ከጣት አሻራ የተገላገሉ ካሉ ደግሞ አንዷን ፈልገህ አነጋግር። የተወለዱበትን ቀን ድጋሚ ከማንበብ ይህ ይሻላል።

አታርዝም። ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነው የሚመጣው፣ እንጀራውም ቀርቧል። ሦስት ደቂቃ ይበቃሃል። «ደግ ነበሩ፣ ቸር ነበሩ» የሚለውን ለሌሎች ተወው፤ ሁሉም ሰው ይለዋል። አንተ ከደብተሩ ጀምር። የምን ትምህርት ደብተር ነበር? ብሩ ስንተኛው ገጽ ላይ ይገኝ ነበር? በቀይ እስክሪብቶ ከጎኑ ምን ይጽፉልህ ነበር? አንዱን እንኳ አስቀምጠኸው ከሆነ ይዘኸው ሂድ፤ ከድንኳኑ ስትወጣ ለባለቤታቸው ስጣቸው።