አምቡላንስ ውስጥ ማን ለማን ምን ይበል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዲስ አበባ ውስጥ አምቡላንስ ላይ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ስለ ቡድን ሥራና ስለ መነጋገር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ጠየቃችሁ። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ አዲስ የተመደብኩ ባለሙያ ነኝ። መኪናው ላይ ያለነው ሁለት ሦስት ሰው ነን። መግባባት ይሄን ያህል ይከብዳል?

እኔም አይከብድም ብዬ አስብ ነበር። አንድ ሌሊት ትንፋሽ ያጠራቸው አባት ዘንድ ደረስን። «ኦክስጅን ይደረግላቸው» አልኩና ደም ግፊት መለካት ጀመርኩ። ባልደረባዬ ማስኩን አጠለቀላቸው። ሲሊንደሩን ግን እኔ የምከፍተው መስሎታል፣ እኔ ደግሞ እሱ የከፈተው መስሎኛል። የነቃችው ልጃቸው ናት። «ይሄ ነገር አየር አይወጣውም እኮ» አለችን። ሁለታችንም እዚያው ቆመን ነበር!

ከዚያ ወዲህ ስም ሳልጠራ ምንም አላዝም። ስም እጠራና «ኦክስጅን ክፈት፣ 10 ሊትር» እላለሁ። እሱም «10 ሊትር፣ ከፍቻለሁ» ብሎ ይመልስልኛል። መልሱን ካልሰማሁ አልተደረገም ብዬ ነው የምቆጥረው። መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ስሙንም መጠኑንም ደግመን እንባባላለን፣ ብልቃጡንም አሳይቶኝ ነው የሚወጋው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያሳፍራል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይለመዳል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ሲሳሳት ባይ እንዴት ነው የምነግረው? በልምድ በጣም ይበልጠኛል።

ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካኝ። እኛ አገር ትልቅን ማረም ነውር ተደርጎ ነው ያደግነው፣ ይሉኝታውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሰውየውን ትተሽ ያየሽውን ተናገሪ፣ ከዚያ ልታደርጊ ያሰብሽውን ጨምሪበት። «ራሱን ስቷል፣ ስኳሩ አልተለካም፣ ልለካው?» በይ። ካልሰማሽ ድገሚው። በሽተኛውን የሚጎዳ ነገር ሊደረግ ከሆነ ግን «ቆይ፣ ይቁም» ማለት አለብሽ፣ ቅያሜው በኋላ ይስተካከላል።

ዋናው ሸክም ግን የአለቃው ነው። እኔ ወደ ቦታው ስንሄድ፣ ገና መንገድ ላይ እያለን፣ ማን ቦርሳውን እንደሚይዝ፣ ማን የበሽተኛውን የትንፋሽ መንገድ እንደሚያይ፣ ማን ከቤተሰብ ጋር እንደሚያወራ እናገራለሁ። «ስሳሳት ካያችሁ ንገሩኝ» ማለትም አልረሳም። እሱን ያልሰማ ጀማሪ አፉን አይከፍትም።

ጥያቄ፦ እኔ ሹፌር ነኝ። ሕክምናው ምን አገባኝ?

በጣም ያገባሃል ወንድሜ። ልቡ የቆመ ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት መጫን አለበት። ማንም ጎበዝ ቢሆን በ2 ደቂቃ ውስጥ ይደክመዋል፣ ደክሞኛል ባይልም ግፊቱ እየሳሳ ይሄዳል። ቦታው ላይ እያለን ሰዓት የምትይዘው፣ «ተቀያየሩ» የምትለው፣ ተራህ ሲደርስም የምትጫነው አንተ ነህ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ደግሞ «ወደ ግራ ልዞር ነው»፣ «ጉብታ አለ» በል። እኛ ኋላ መርፌ ይዘን ነው የቆምነው።

ጥያቄ፦ አምቡላንስ ለመጥራት 907 (ቀይ መስቀል) ወይም 939 (እሳትና አደጋ) ስንደውል ምን እንበል?

መጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ፣ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ እንድናገኛችሁ። ሰፈር ብቻ አይበቃም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክ ቁጥርና ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ንገሩን፣ ሊፍት ከሌለ ምን ይዘን እንደምንወጣ በዚያ ነው የምንወስነው። አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀን። ስልኩንም ሌላ ወሬ አትያዙበት።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ስናስረክብ ማንም አይሰማንም። ምን ይሻላል?

አውቀዋለሁ፣ ያማል። ድንገተኛ ክፍሉ ተጨናንቋል፣ አንዱ አልጋ ይፈልጋል፣ ሌላው ካርድ ይጠይቃል። እኔ የሚረከበውን ሰው ለይቼ ዓይኑን እያየሁ «ግማሽ ደቂቃ ስጠኝ» እላለሁ። ከዚያ ምን እንደደረሰበት፣ ምን እንዳገኘን፣ ልኬቶቹን፣ የሰጠነውን፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ለምሳሌ፦ «የ30 ዓመት ወንድ፣ ከ40 ደቂቃ በፊት መኪና ገጭቶታል። ግራ ጭኑ ተሰብሮ ይደማል። ግፊቱ 90 በ60፣ ምቱ 124። 3፡10 ላይ እግሩን ከላይ አስረናል፣ ኦክስጅን ላይ ነው።» የታሰረበት ሰዓት እንዳይጠፋ ፕላስተር ላይም ጽፌ እለጥፋለሁ። ስንመጣ ደውለን ከነበረ ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ጥያቄ፦ በሽተኛው እጃችሁ ላይ ሲያርፍስ?

መኪናውን እያጸዳን እናወራለን። ምን ጥሩ ሄደ፣ የት ላይ ሳንሰማማ ቀረን፣ ቀጣይ ምን እንለውጥ። መጀመሪያ የሚናገረው በሥራው አዲስ የሆነው ነው፣ እኔ ቀድሜ ከተናገርኩ የእኔን ይደግመዋልና። ማልቀስ የፈለገ ያለቅሳል። መጥረጊያውን ሌላው ይቀበለዋል።