ኮምፕሬሰር ሲወጣ ቺንጋው በየት በኩል ይዙር? ጥያቄና መልስ

የኤሲ ኮምፕሬሰር የወጣለትን የናፍጣ ጭነት መኪና ቺንጋ በተመለከተ ለደረሱኝ ጥያቄዎች፣ ከኮምቦልቻው ጋራዤ ሥራ በተረፈኝ ሰዓት እመልሳለሁ። የምናገረው ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና የመሪውን ፓምፕ በአንድነት ስለሚያዞረው ባለ ሸንተረር ረጅም ቺንጋ ነው። ነባሩን ቺንጋ ከማውጣታችሁ በፊት መንገዱን በወረቀት ላይ ሳሉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደሴ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ እመላለሳለሁ። ኮምፕሬሰሩ ስለሚጮህ ላወጣው ነው። አጭር ቺንጋ ብገዛ አይበቃም?

መልስ፦ መጀመሪያ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ይለይ። ኤሲው ተዘግቶም የሚጮህ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፑሌጃው (ቺንጋው የሚያርፍበት ተሽከርካሪ ጎማ) ኩሽኔታ ነው፤ ኩሽኔታውን መቀየር ይበቃል። ውስጡ ተበላሽቶ ኩሽኔታው ደህና ከሆነም ኮምፕሬሰሩን ከፑሌጃው ጋር የሚያያይዘውን የፍሪሲዮን ሽቦ ብትነቅሉት ፑሌጃው ብቻውን ስለሚዞር የቺንጋው መንገድ አይነካም።

የግድ ከወጣ ግን ቺንጋው ሁለት ፊት እንዳለው አትርሱ። ሸንተረሩ ባለ ሸንተረር ፑሌጃ ላይ፣ ለስላሳው ጀርባ ደግሞ ለስላሳ ፑሌጃ ላይ ይሄዳል። በአንዳንድ ሞተሮች የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ጀርባው ስለሆነ ፓምፑ ቺንጋውን ከሚነዳው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንኩ፣ በተቃራኒ ይሽከረከራል። መንገዱን ስታሳጥሩ ቺንጋውን በሌላው ጎን ካሳለፋችሁት ፓምፑ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ዲናሞው ይሞላል፣ ድምፅም አይሰማም፣ በሚኒሞም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ) ሙቀቱ ደህና ይመስላል። ጭነት ይዛችሁ ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥታችሁ ወደ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስትወጡ ነው የሙቀት መለኪያው ቀስት የሚነሣው። ራዲያተሩ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ቴርሞስታቱም ተቀይሮለት ሙቀቱ አልወርድ ያለ መኪና ወደ እኔ መጥቶ ነበር፤ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ቺንጋው ስንት ቁጥር ይሁን?

መልስ፦ የሞተሩ ዓይነት ሳይነገረኝ ቁጥር አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ርዝመቱን ራሳችን እንዴት እንለካለን?

መልስ፦ የቺንጋውን መወጠሪያ በላዩ ባሉት ምልክቶች መካከል አቁማችሁ የማይለጠጥ ገመድ በአዲሱ መንገድ አዙሩና ለኩት። ቺንጋው ላይ 8 ፒኬ 1800 የሚል ካያችሁ 8ቱ የሸንተረሮቹ ብዛት፣ 1800 ደግሞ በሚሊሜትር ርዝመቱ ነው። ብዛቱን አትቀንሱ።

ጥያቄ፦ አጭር ቺንጋ ይሻላል ወይስ በኮምፕሬሰሩ ቦታ ዝም ብሎ የሚዞር ፑሌጃ ማሰር?

መልስ፦ ይህን የጠየቀ ሰው ሥራውን ያውቃል። እኔ ፑሌጃውን እመርጣለሁ፤ ነባሩ ቺንጋና ነባሩ መንገድ እንዳሉ ይቀጥላሉና። በአጭር ቺንጋ ግን ኮምፕሬሰሩ ሲወጣ ቺንጋው በሁለቱ ጎረቤት ፑሌጃዎች ላይ የሚጠመጠምበት ስፋት ይለወጣል። ዲናሞው ላይ ከክቡ ሲሶ ያነሰ የሚይዝ ከሆነ እኔ መኪናውን አላስረክብም፤ ምክንያቱም መብራትና ባትሪ ሲጠይቁት ይንሸራተታል። በመካከሉ የሚቀረው ረጅም ባዶ ርቀትም ቺንጋውን ያርገበግበዋል። ማሰሪያውን ቶርኖ ቤት የምታሠሩ ከሆነ ፑሌጃው ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር መቆሙን በቀጥ ያለ ብረት አረጋግጡ፤ ጥቂት ካዘነበለ ሸንተረሩን ይበላዋል። መወጠሪያው ደግሞ ቺንጋው ከክራንኩ ወጥቶ በሚላላበት ጎን መቅረት አለበት።

አንድ የደሴ ሾፌር፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ቺንጋው ሲጮህ ሳሙና ብንቀባው ዝም ይላል፤ እኔ ስንት ዓመት ነድቼበታለሁ።

በቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚሠራ አንድ መካኒክ፦ ወንድሜ፣ ሳሙናው ድምፁን እንጂ መንሸራተቱን አያጠፋም። ባትሪህን በየስንት ወሩ እንደምትቀይር ለምን አትነግረንም?

ሾፌሩ፦ ባትሪው የቻይና ስለሆነ ነው።

መልስ፦ የባትሪውን አገር ተዉትና ዲናሞው የሚያወጣውን ቮልቴጅ ለኩ። ሳሙና አትቀቡ። ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ኮምፕሬሰሩን ማውጣት ናፍጣ ይቆጥባል?

መልስ፦ ኤሲው ተዘግቶ ከሆነ ልዩነቱ አይታይም። ለናፍጣ ብላችሁ አታውጡት።

ጥያቄ፦ ቺንጋው መንገድ ላይ ቢበጠስ ቀስ እያልን ኮምቦልቻ መድረስ እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። ውሃው አይዘዋወርም፣ መሪውም ይከብዳል። ከዚህ የሚብሰው ግን በአንዳንድ የናፍጣ መኪኖች ፍሬን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ኋላ የተገጠመ መሆኑ ነው፤ ዲናሞው ሲቆም እርዳታው ይጠፋና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እንዲህ ሆኖ የሚወርድ ሰው ያለውን ሁሉ እየተወራረደ ነው።

ጥያቄ፦ ለእኔስ መኪና አጭሩ ቺንጋ ስንት ቁጥር ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ገመድ ያዙና ለኩ፤ መንገዱንም ሳሉት።

ጥያቄ፦ ኮምፕሬሰሩን ራሴ ብፈታው ችግር አለው?

መልስ፦ ጋዙ በመሣሪያ ሳይወጣ ቱቦውን አትፍቱ፤ በግፊት ሲወጣ ዓይንና ቆዳን በብርድ ያቃጥላል። ጋዙ ከወጣ በኋላ የባትሪውን ገመድ ነቅላችሁ ሥሩ፤ የተፈቱትንም የቱቦ አፎች ድፈኑ። አዲሱን መንገድ አስገብታችሁ ሐረጎን አንድ ጊዜ ስትወጡ፣ ላይ ደርሳችሁ ሞተሩን አጥፉና የሸንተረሩን ጠርዝ ተመልከቱ፤ የጎማ ብናኝ ካለ ፑሌጃው አልተስተካከለም።