«በግማሽ አሳድጉት» ይባላል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈር ልጆች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ቅርጽ ስኬል ማድረግን፣ ማለትም መጠኑን በቁጥር እያባዙ መለወጥን፣ ሳስረዳ «አሳድጉት» ነበር የምለው። በ0.5 ማባዛት ሲመጣ «በግማሽ አሳድጉት» ብዬ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ቀን «አራት ማዕዘኑን ሁለት እጥፍ አድርጉት» ስል ደግሞ አንዷ ተማሪ «አራት እጥፍ ሆነ እኮ!» ብላ ሞገተችኝ። ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው?

መልስ፦ ልጆቹ መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። ማሳደግ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ቃል ነው። ስኬል ማድረግ ግን የእያንዳንዱን ነጥብ የአግድምና የቁመት ቁጥር ማባዛት ነው። ማባዣው ከ1 ሲበልጥ ቅርጹ ያድጋል፤ በ0 እና በ1 መካከል ሲሆን ያንሳል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ግስ ስፈልግ «መመጠን» መጣልኝ። «ተመጣጣኝ» የሚለውም የእሱ ዘመድ ነው። ግን «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» ስንል፣ ቃሉ ውስጥ ልክን ማወቅ አለ። በ10 ለሚባዛ ክብ አይሆንም። ስለዚህ «መጠኑን በ0.5 አባዙት» ይበሉ። «ስኬል አድርጉት» ቢሉም እኔ አልቆጣም።

«ማጉላት» የሚሉም አሉ። እሱ ሌላ ነው። ስልክዎ ላይ ፎቶ በሁለት ጣት ከፍተው ሲያዩ ፎቶው ጎላ እንጂ አላደገም። አጉሊ መነጽርም ጉንዳኗን አያሳድጋትም። አግድሙ በ3፣ ቁመቱ በ1 ከተባዛ ግን ክቡ ሞላላ ይሆናል። ያኔ «ለጠጥነው» ማለት ያምራል።

አሁን ወደ ሙግቱ። ጥፋቱ የእርስዎም የልጅቷም አይደለም፤ «ምኑ?» የሚለው ሳይነገር በመቅረቱ ነው። እናንተ ሰፈር ያለ የመሬት ደላላ በዚህ አይሸወድም። 10 በ10 ሜትር ቦታ 100 ካሬ ነው። ሁለቱንም ጎን እጥፍ ያድርጉት፤ 20 በ20፣ 400 ካሬ። ጎኑ ሁለት እጥፍ፣ ስፋቱ አራት እጥፍ ሆነ። በ3 ቢያባዙት ስፋቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ «ስፋት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። አንዳንዴ የጎን ልክ ነው፤ «የመንገዱ ስፋት 10 ሜትር» እንላለን። አንዳንዴ የቦታው ጠቅላላ ልክ ነው፤ «ስፋቱ 150 ካሬ» እንላለን። ክፍል ውስጥ ለጎኖቹ ወርድና ቁመት ይበሉ፣ «ስፋት»ን ለካሬው ብቻ ይተዉት። ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል።

«እጥፍ»ም ጣጣ አያጣውም። ምንጩ «አጠፈ» ነው። ነጠላ ሲያጥፉ ድርቡ ይጨምራል፣ ስፋቱ ግን ይቀንሳል! እኛ የወሰድነው ድርቡን ነው። በተለመደው አነጋገር «ደመወዙ እጥፍ ሆነ» ካሉ 5,000 የነበረው 10,000 ሆነ ማለት ነው። «በሁለት እጥፍ ጨመረ» ሲባል ግን አንዱ 10,000 ይሰማል፣ ሌላው ከነበረው ላይ ደርቦ 15,000 ይሰማል። እኔ «ጨመረ»ን ከእጥፍ ጋር አላጋባም። «ሁለት እጥፍ ሆነ»፣ አለቀ።

ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር። ልጆቹ «ቅርጹን አባዛነው፣ ከቦታው ሸሸ» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው። አግድሙም ቁመቱም 10 ላይ የነበረ ነጥብ በ2 ሲባዛ 20 ላይ ያርፋል፤ ከመነሻው ነጥብ፣ አግድሙም ቁመቱም 0 ከሆነበት፣ ራቀ ማለት ነው። «ባለበት አሳድጉት» ማለት ከፈለጉ ትእዛዙ ሦስት ነው፦ መሃሉን ወደ መነሻው አምጡ፣ አባዙ፣ ወደ ቦታው መልሱ። አማርኛው «ባለበት» ብሎ በአንድ ቃል የጨረሰውን ኮምፒውተሩ በሦስት መስመር ይጠይቃችኋል።