‹‹ጦርነቱ አይምጣ›› ማለት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለቀሲስ። እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። ታላቅ ወንድሜ በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ ላይ ቀርቷል። አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሊነሣ ነው የሚል ሆኗል። ባለፈው በቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበራችን ላይ ‹‹እባካችሁ ይህ ነገር አይምጣ በሉ፤ እኔ እቃወማለሁ›› ብል አንዷ ‹‹ለጠላት የምታዝኚ ባንዳ›› አለችኝ። ሌላው ‹‹ሮሜ 13ን አንብቢ፤ ክርስቲያን በመንግሥት ጉዳይ አይገባም›› አለኝ። የንስሐ አባቴም ‹‹ዝም ብለሽ ጸልዪ›› አሉኝ። መቃወሜ ኃጢአት ነው? ከመረብ ማዶ ላሉትስ መጸለይ ይፈቀድልኛል? የ19 ዓመት ልጄ ‹‹ከተነሣ እዘምታለሁ›› ይላል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሞ ወንድምሽን ነፍስ ይማር። ላንቺ ስለ ጦርነት መስበክ ለቀባሪው ማርዳት ነውና ብዙ አላስተምርሽም።

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ሳላንዛዛ ልመልስ፤ ኃጢአት አይደለም። ያልተጀመረ ጦርነት ‹‹አይጀመር›› የሚባለው ደግሞ አሁን ነው። ከተጀመረ በኋላ ለእኛ የሚተርፈን ፍትሐትና ተዝካር ነው።

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12ን ክፈቺ። ሰሎሞን ሞቶ ዐሥሩ ነገድ ሲለይና ኢዮርብዓምን ሲያነግሥ፣ ልጁ ሮብዓም ኢየሩሳሌም ገብቶ ከይሁዳና ከብንያም 180,000 የተመረጡ ተዋጊዎች ሰበሰበ። ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ምድሩ ትናንት የአባቱ ግዛት ነበር፤ ግብር አስገባሪውንም በድንጋይ ወግረው ገድለውበታል። በዛሬ አነጋገር የሞቀ ሰልፍ ለማስወጣት የሚበቃ ቁጭት ነበረው። ሠራዊቱ ሊነሣ ሲል ግን ሸማያ የሚባል የእግዚአብሔር ሰው መጥቶ ‹‹አትውጡ፤ ከወንድሞቻችሁም ከእስራኤል ልጆች ጋር አትዋጉ፤ እያንዳንዱም ወደ ቤቱ ይመለስ›› አላቸው። ሰሙትና ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ነገሥታት መካከል ጠብ እንዳልጠፋ መጽሐፉ ራሱ አልደበቀም። ያን ዕለት ግን ያ ሁሉ ሰው ስንቁን ይዞ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ገባ። ስለ ዳዊት ወንጭፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰበክሁ አላስታውሰውም፤ ስለ ሸማያ ግን አንድም ቀን ሰብኬ አላውቅም። ጥያቄሽ ከደረሰኝ ጀምሮ ይህ እያሳፈረኝ ነው።

‹‹እርሱ ነቢይ ነው፤ እኔ የቤት እመቤት ነኝ›› ትይኝ ይሆናል። አቢግያም የቤት እመቤት ነበረች። ዳዊት 400 ሰው አስታጥቆ የባሏን ቤት ሊያጠፋ ሲገሰግስ፣ 200 እንጀራና አምስት የተሰናዱ በጎች በአህያ ጭና መንገድ ላይ ጠበቀችው። የባሏን የናባልን ጥፋት አልሸፋፈነችም፤ ዳዊትንም አልተሳደበችም። ያለችው፣ ነገ ስትነግሥ በከንቱ ያፈሰስኸው ደም ለልብህ ዕንቅፋት እንዳይሆንብህ ነው። ዳዊትም ወደ ደም እንዳልገባ የከለከልሽኝ አንቺ የተባረክሽ ሁኚ አላት። ተመልከቺ፣ ‹‹ከለከልሽኝ›› ብሎ ነው ያመሰገናት።

ስለ ‹‹ባንዳ›› ስድብ ትንሽ ልቆይ። ይህ ቃል የጣሊያን ዘመን ቃል ነው፤ ለወራሪ ያደረ ሰው ስም ነበር። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተደበደቡት አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ተጠይቀው እንቢ ስላሉ ነው። ቃሉ ከዚያ ደም ጋር የተያያዘ ነው። የወንድሟን ሬሳ እንኳ ያላገኘችን እኅት በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ወይ ታሪኩን አያውቀውም፣ ወይ አፉ ቀድሞታል። እንዲህ የተባልሽ የመጀመሪያዋም አይደለሽም። ኤርምያስን ‹‹ወደ ከለዳውያን ልትኮበልል ነው›› ብለው ያዙት። ‹‹የተዋጊዎቹን እጅ ያደክማል፤ ይገደል›› ብለውም ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት። ማን አወጣው? ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። ንጉሡን በአደባባይ ተከራክሮ፣ ሠላሳ ሰው ይዞ፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይጎዳው አሮጌ ጨርቅ ሰጥቶ አወጣው። አቤሜሌክ በለስ እንደ ያዘ 66 ዓመት መተኛቱን ሁላችን ከተረፈ ባሮክ እንተርካለን። ያን ዋጋ ያገኘው ግን በዚያች በአሮጌ ጨርቋ ሥራ መሆኑን እንዘነጋዋለን። በጽዋ ማኅበራችሁ አንድ አቤሜሌክ መጥፋቱ አሳዝኖኛል።

እንዳትሳሳቺ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሀገሩን ከወራሪ የሚከላከለውን አታወግዝም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ወርዷል። እንዲያም ሆኖ አባቶች የጦር ሜዳን ደም አቅልለው አላዩትም። ቅዱስ ባስልዮስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖና በጦርነት መግደል እንደ ነፍሰ ገዳይነት አልተቆጠረም ይላል፤ ነገር ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። ይህን ያለው ለንጽሕናና ለሃይማኖት ስለ ተዋጉት ነው። እንግዲህ ገና በምርጫ ላይ ስላለ፣ ሊቀር ስለሚችል ጦርነት ምን ይል ነበር? ስለ ባሕር በር የሚነሣውን ክርክር የሚያውቁት ይከራከሩበት። ሀገር ወደብ መፈለጓ ነውር የለበትም። ከማዶም ‹‹ተነካን›› የሚለው ስጋት ባዶ ነው አልልም። እኔን የሚመለከተኝ በምን መንገድ የሚለው ነው። ባድመ ላይ በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ካለቁ በኋላ ነገሩ የተወሰነው አልጀርስ ላይ በተፈረመ ወረቀትና በዳኞች ጠረጴዛ ነው። ወረቀቱ ከልጆቹ መቅደም ይችል ነበር።

ሮሜ 13ን የጠቀሰልሽ ወንድም እውነት ጠቅሷል፤ ግማሹን ብቻ። ለባለ ሥልጣን መገዛት ማለት ግብር መክፈል፣ ሕግ ማክበር፣ ሥርዓት አለማፍረስ ነው። ያው ሐዋርያ ለጢሞቴዎስ ስለ ነገሥታት ጸልዩ ሲለው ምክንያቱን ነግሮታል፤ ‹‹ጸጥና ዝግ ብለን እንድንኖር››። ይህን እየለመነ ጦርነት ሲመጣ የሚያጨበጭብ ሰው ጸሎቱን ራሱ ይሽራል። መሪን በአክብሮት ‹‹ይህን አታድርግ›› ማለት አለመገዛት ቢሆን ኖሮ ዳዊትን የገሠጸው ነቢዩ ናታንም ዓመፀኛ ይባል ነበር።

የንስሐ አባትሽን አልነቅፍም፤ ለአንቺ ፈርተው ይሆናል። ጸልዪ ማለታቸውም ትክክል ነው። ‹‹ዝም ብለሽ›› የሚለው ላይ ግን እኛ ካህናት የምንናገርበት አፍ የለንም። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት አንዳንዶቻችን ባረክን፤ የበዛነው ዝም አልን። ቅዱስ ሲኖዶስ በ2015 ዓ.ም. የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ የጠየቀው ያ ዝምታ ስለከበደ ነው። ይቅርታ ከጠየቅንበት ነገር ወዲያው መመለስ ንስሐን መቀለጃ ማድረግ ነው።

ከማዶ ላሉት መጸለይ ትችያለሽ ወይ ብለሻል። ሳታውቂው በየሳምንቱ ትጸልዪላቸዋለሽ! ዲያቆኑ ‹‹ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት›› ሲል አስመራም ከረንም የሚቆመው ዲያቆን በዚያው ግእዝ ያንኑ ይላል። መንበሩ ከተለየ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ቅዳሴው ግን አልተለየም። በ1990 ዓ.ም. እኔ ወጣት ዲያቆን ሳለሁ ኪዳን የሚያደርሱ አንድ አዛውንት ነበሩን። አንድ ሌሊት ‹‹ኤርትራዊ ናቸው›› ተብለው ተወሰዱ፤ ጠዋት የመቅደሱን መጋረጃ የሚከፍት ጠፋ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ከቤታቸው የተነሡት ከዚህም ከዚያም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈትና ሰዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን እያየሁ እርሳቸውን ፊት ለፊት የማያቸው እየመሰለኝ ነበር። በሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ።

‹‹ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር›› የሚለውን የማያውቅ የለም፤ በየመኪናው መስታወት ተለጥፏል። መዝሙር 67 ላይ ከእርሱ ቀድሞ ያለውን ቃል ግን አንብቢው፤ ‹‹ዝርዎሙ ለአሕዛብ እለ ይፈቅዱ ቀትለ››፣ ጦርነትን የሚወዱ አሕዛብን በትናቸው ይላል። ዳዊት እጆቿን ዘርግታ ያያት ከዚያ ልመና በኋላ ነው።

አነጋገርሽን ግን ጠብቂ። ጦርነትን የሚቃወም ሰው አፉ ጥይት ከሆነ ምን ተረፈው? በማኅበሩ ላይ የሰደበችሽን እኅት በሚቀጥለው 12 ቀድመሽ ሳሚያት። በስልክ የሚላክልሽን የሬሳ ቪዲዮና ‹‹ተጀመረ›› የሚል ወሬ ለማንም አታስተላልፊ፤ እዚያው አጥፊው። ማንንም መሪ፣ የዚህንም ሆነ የዚያን፣ አትራገሚ። ‹‹ወንድሜን አጥቻለሁ፣ ደግሞ እንዳይመጣ እለምናለሁ›› ካልሽ በቂ ነው፤ ከአንቺ በላይ ስለዚህ የመናገር መብት ያለው ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም።

ልጅሽን ‹‹ጡቴ ይፍረድህ›› እንዳትይው። በእርግማን የተያዘ ልጅ እልኸኛ ይሆናል። ፈሪም አትበይው፤ ለሀገሩ ልሙት ማለቱ ከመጥፎ ልብ አልመጣም። የአጎቱ ፎቶግራፍ ካለ አውጪለት፤ የመጨረሻ ደብዳቤ ካለ ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ከዚያ በአካባቢያችሁ በዚያ ጦርነት እግሩን ወይም ዓይኑን ያጣ ሰው አይጠፋምና፣ ቡና አፍልተሽ ጥሪውና ሁለቱን ተያቸው። አንቺ ጓዳ ሁኚ። ከዚያም በኋላ ሐሳቡ ካልተለወጠ ወይም በሕግ ከተጠራ፣ ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፣ ከፈለጋችሁም ለእኔ ጻፉልኝ።

የወንድምሽን ስመ ክርስትና አልነገርሽኝም። ላኪልኝና በየካቲት በቅዳሴ አነሣዋለሁ። በማዶም ልጇ በዚያው ወር የቀረባትን እናት የምታውቂ ከሆነ፣ የእርሱንም ስም በዚያው ወረቀት ላይ ጻፊው።