የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአባቴ ፉርጎ ቀለሙ ምን ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አባቴ (ነፍሱን ይማረውና) ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው የሰራው። እኔ ደግሞ የሱን ዘመን የመንገደኛ ፉርጎ በላሜራና በካርቶን በ1/87 መጠን እየሰራሁ ነው፣ አካሉ አልቋል ቀለም ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። እማዬ አረንጓዴ ነበር ትላለች፣ አጎቴ "ኧረ ቡላ ነበር" ይላል፣ እቤት ያለችው አንዲት ከለር ፎቶ ላይ ደግሞ ወደ ቀይ የሚሄድ ቡኒ ነው፣ ጀርባዋ ላይ 67 ተብሎ ተጽፏል። የጎረቤታችን አጥር በር ከድሮ ፉርጎ የተነቀለ ላሜራ ነው ይባላል፣ ይጠቅመኛል? ማንን ልመን? ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ አቦ ሶስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ'ኮ! አንድ ፉርጎ አርባ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል፣ ለትልቅ ጥገና በገባ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይቀባል፣ ስለዚህ "ቀለሙ ምን ነበር" ብለህ ስትጠይቅ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዘመን ነው የሚመልስልህ፣ እናትህ በልጅነቷ ያየችውን፣ አጎትህ ምናልባት ስራ የጀመረበትን ዓመት። መጀመሪያ ዓመቱን ቁረጥ፣ የማንን ፉርጎ ሳይሆን የየትኛውን ዓመት ፉርጎ ነው የምሰራው በል።

ለዚህ ደግሞ ያቺ 67 አሪፍ መነሻ ናት ግን ልታሳስትህም ትችላለች። የጻፈው ማነው? በአባትህ እጅ በአማርኛ ከተጻፈ 1967 ዓ.ም ማለት ነው፣ በፈረንጅ ሲቆጠር 1974 ወይም 1975 ይሆናል፣ ንጉሱ የወረዱበት ሰሞን። በፈረንሳይኛ ከተጻፈ ግን 1967 በፈረንጅ ነው፣ በመሀል ሰባት ስምንት ዓመት አለ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ፉርጎው አንዴ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። የፎቶው ጠርዝ ላይ የታተመ ወርና ዓመት ካለ ደግሞ እሱ ፎቶው የታጠበበት ነው እንጂ የተነሳበት አይደለም፣ ሰው ፊልም ካሜራ ውስጥ ዓመት ሙሉ ያስቀምጥ ነበር። በሁለቱም ቢሆን ድርጅቱ ያኔ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ነበር፣ የጅቡቲ-ኢትዮጵያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፣ ስለዚህ ጎኑ ላይ የምትጽፈው ፊደል የድሮው ይሁን።

አሁን የፎቶው ቀለም። የዚያን ዘመን ከለር ፎቶ ውስጥ ሶስት ማቅለሚያ አለ፣ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) እና ቢጫ፣ በብዙዎቹ ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ሲያኑ ነው፣ እሱ ሲጠፋ ሁሉ ነገር ወደ ቀይ ይሄዳል፣ አረንጓዴው ቡኒ ይሆናል! ይሄን ለማወቅ ፎቶው ላይ ቀለሙን በእርግጠኝነት የምታውቀው ነገር ፈልግ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማይ፣ ባንዲራ፣ የዛፍ ቅጠል። ሸሚዙ ሮዝ ከመሰለ ፉርጎውም አብሮ ቀልቷል ማለት ነው፣ እናትህን ይቅርታ ጠይቅ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካገኘህ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ ድረስ በብዛት ይሰራበት የነበረው ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም፣ ቀዩን ጥቁር ሰማያዊውን ደግሞ ነጭ አድርጎ ነው የሚያወጣው። የጥንት ፖስትካርድ ላይ ያለ ቀለምማ ከናካቴው ተወው፣ ብዙው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ በኋላ በእጅ የተቀባ ነው፣ ቀቢውም ባቡሩን በዓይኑ ያላየ ሰው ሊሆን ይችላል።

አጎትህን በተመለከተ፣ "ቡላ" የሚለው ቃል ራሱ ችግር ነው። አንዱ ቡላ ሲል የበቅሎ ቀለም ይታየዋል፣ ሌላው አቧራ፣ ሌላው ከእንሰት የሚሰራውን ቡላ (እሱ ደግሞ ነጭ ነው ማለት ይቻላል)። ስለዚህ ስሙን አትጠይቀው፣ አስር ቁራጭ ካርቶን በተለያየ ክሬም፣ ቡኒ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀብተህ በጠዋት በረንዳ ላይ ጥላ ውስጥ ደርድርለትና "የቱን ይመስላል" በለው፣ ምንም አትርዳው። ከሳምንት በኋላ ደባልቀህ ድገምለት። ሁለቴ ያንኑ ካነሳ ምስክርነቱ ከባድ ነው፣ ሌላ ካነሳ ቡናውን አጠጥተህ ሸኘው።

ዋናው ሀብትህ ግን የጎረቤትህ በር ነው፣ እኔ አንተን ብሆን ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚያ ነበር የምሮጠው። መሀሉን ሳይሆን ማጠፊያው ስር፣ የቡሎን ጭንቅላት ስር ወይም ድሮ ቁጥር የተለጠፈበት ቦታ ካለ እሱን ፈልግ፣ የድሬ ፀሐይ እዚያ አልደረሰም። የጥፍር ያህል ቦታ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ በክብ በክብ አሻሸው፣ መሀሉ ብረቱ ድረስ ይውረድ ዳርዳሩ ላይ ግን ሳሳ አድርገው፣ ልክ የተቆረጠ ግንድ ላይ እንዳለው ክብ ቀለሞቹ በየተራ ይወጡልሃል፣ ከላይ የጎረቤትህ የአጥር ቀለም፣ ከስር የምድር ባቡሩ። በደረቁ እንዳትፈገፍግ ብቻ! የድሮ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙ መርዝ ነው፣ ማስክ አድርግ፣ ውሃውን በጨርቅ ጥረገው፣ ህጻናትን አርቅ።

እና ብረቱን የነካው የመጨረሻው ክብ ብርቱካናማ ወይም ሸክላ መሳይ ከሆነ እሱ አንቲረስት ነው፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባ የዝገት መከላከያ፣ የፉርጎው ቀለም አይደለም። ይሄን የምለው ተቃጥዬ ነው፣ የመጀመሪያ ፉርጎዬን ሙሉ በሙሉ ብርቱካን ቀብቼ "እውነተኛውን ቀለም አገኘሁ" እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳሳይ አንድ ጡረተኛ ቀቢ አይተው "ልጄ ይሄኮ ልብስ ሳይለብስ ነው የወጣው" አሉኝ።

ያገኘኸው ክብ ደብዝዞ ነጭ ዱቄት ከመሰለ ትንሽ ዘይት ንካው፣ እውነተኛው ቀለም ብቅ ይላል። ግን በዘይት የተበጠበጠ ቀለም ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቢጫ ያወጣል፣ ስለዚህ ማጠፊያ ስር ያገኘኸው ክሬም ድሮ ነጭ ሊሆን ይችላል፣ የገለጥከውን ጥቂት ሳምንት ብርሃን ላይ ተወውና እንደገና እየው። የድሮ አረንጓዴም ብዙ ጊዜ ከክሮም ቢጫና ከፕሩሺያን ብሉ የተበጠበጠ ነው፣ ሁለቱ እኩል ስለማያረጁ ከፀሐይ ያመለጠው ጥግ ሁሌ ይበልጣል።

ቀለሙን ስታመሳስል ሌሊት አምፖል ስር አትስራ፣ ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርገህ ጥላ ውስጥ በቀን ብርሃን። ካገኘኸው በኋላም እንዳለ አትቀባው፣ ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ይጠቁራል፣ እኔ ለ1/87 ከአስር ጠብታ አንድ ጠብታ ፈዘዝ ያለ ግራጫ እጨምራለሁ (ነጭ አይደለም፣ ቀይ ላይ ነጭ ከጨመርክ ሮዝ ነው የምታገኘው)። ሀዲድህም 12 ሚሊ ይሁን፣ የኛው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበርና። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ሙሉ ልስራ ካልክ ደግሞ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ግቢ ያስፈልግሃል ሃሃ።

ጥያቄ፦ እኔም ሞዴል እየሰራሁ ነው፣ የድሮው የሐረር ባቡር ጣቢያ ግድግዳው ምን ቀለም ነበር? ከሐረር

መልስ፦ እህቴ ባቡሩ ሐረር አልገባም። ተራራውን መውጣት በጣም ውድ ስለሆነ መስመሩ በታች በኩል ዞረና እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ አሁን ድሬዳዋ የሆነው ቦታ ደረሰ፣ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር፣ ግራ ያጋባሽ እሱ ይሆናል። የድሬን ጣቢያ ስሪና በሩ ላይ ወደ ሐረር ሽቅብ የሚወጡ ሁለት ሶስት በቅሎዎች አቁሚበት። የበቅሎዎቹን ቀለም አጎትየውን ጠይቂው፣ እዚያ ላይ ቡላ ያስኬዳል።