መሐላው ይቅርባት

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ታናሽ እህቴ እዚሁ ከታሰረች ሰባት ወር ሆናት። ራሷን ትጎዳለች። ሐኪሞቹ «የስብዕና መታወክ አለባት» አሉን። በእናታችን አስማልኳት፤ ደገመችው። አዲስ አበባ ያለችው አክስታችን «ትኩረት ፍለጋ ነው፣ ተያት» ትለኛለች። ልተዋት?

መልስ፦ አትተያት። ማስማሉን ግን ተዪው።

«እናቴ ትሙት በዪ» ያልሻት ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። እኛ ቤት ከዚህ የከበደ ቃል የለም። እህትሽ ግን ቃልሽን ንቃ አይደለም። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ሴቶች፣ ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ለአፍታ ቀለል እንደሚላቸው ይናገራሉ። ወዲያው ሀፍረቱ ይመጣል። የማለች ሴት ደግሞ በሀፍረቱ ላይ «እናቴን ገደልኳት» ይጨመርባታል። ከዚያ ምን ታደርጋለች? ትደብቅሻለች። እኔን የሚያስፈራኝ መደበቋ ነው።

የአክስትሽን ነገር አልቀበለውም። በእንግሊዝና በዌልስ እስር ቤቶች እንደ ፈረንጆቹ ከ2004 እስከ 2009 ያለውን ጊዜ ያየ ጥናት አለ። በየዓመቱ ከ100 ሴት እስረኞች ከ20 እስከ 24ቱ ራሳቸውን ጎድተዋል፤ ከ100 ወንዶች ግን 5 ወይም 6 ብቻ። ይሄ ሁሉ ሴት ትኩረት ፍለጋ ነው? ብዙዎቹ ገና ሳይታሰሩ ጥቃት ያዩ ናቸው።

«የስብዕና መታወክ» ሲባል ክፉ ናት ማለት አይደለም። (ስሙን እኔም አልወደውም፤ ስድብ ይመስላል።) በተለይ ቦርደርላይን የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ስሜቷ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ አይበርድም። የምትወደው ሰው ሊተዋት ነው ብላ ስታስብ ደግሞ ትሸበራለች። «ልተዋት?» ያልሽው የሚነካው እዚያው ቁስሉ ላይ ነው። ሕክምና አለው። ማርሻ ሊንሃን የተባለች አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት ያዘጋጀችው ዲቢቲ የሚባለው ሕክምና፣ ስሜት ሲነድ ራስን ሳይጎዱ ማሳለፍን ያስለምዳል። እስር ቤቱ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂ።

ልትጠይቂያት ስትሄጂ ክንዷን አትመርምሪ። «ዛሬ ምን ከበደሽ?» በያት። የምትጠይቂያትን ቀን አታዛንፊ፤ ካልቻልሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች ወይም ከጠረጠርሽ ግን እስከ ቀጠሮው አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት እስር ቤቱ ደውለሽ አሳውቂ። ራሷን ልትጎዳ ትችላለች ተብላ ለምትሰጋ እስረኛ አክት የሚባል የክትትል ሥርዓት አላቸው፤ እሷ ከፈቀደች ቤተሰብም ሊሳተፍበት ይችላል። ሳማሪታንስ የሚባለው፣ የተጨነቀን ሰው በስልክ የሚያዳምጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያሠለጠናቸው «አድማጭ» እስረኞችም አሉ። አንቺም ሲጨንቅሽ ለሳማሪታንስ በ116 123 በነፃ ደውዪ።

አክስትሽን ለእህትሽ ደብዳቤ አስጽፊያት። የሰፈር ወሬ ይሁን፤ ምክር አይግባበት።