ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ የአባቴ ንግግር ለምን ተበላሸ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ 66 ዓመታቸው ሲሆን ፓርኪንሰን የተባለው እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም ከያዛቸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ባለፈው ዓመት አንጎላቸው ውስጥ ኤሌክትሮድ፣ ደረታቸው ላይ ደግሞ ባትሪ ተገጠመላቸው። መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ቡናቸውን ሳይደፉ ይጠጣሉ። ንግግራቸው ግን ተኮላተፈ፤ አዲስ አበባ ያሉ እህቶቻቸው በስልክ የሚሉትን መለየት አቅቷቸዋል። ቀዶ ሕክምናው ጎድቷቸው ይሆን?

መልስ፦ ለአባትዎ የተደረገው፣ ባትሪው በኤሌክትሮዱ በኩል አንጎልን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃበት ሕክምና «ዲፕ ብሬይን ስቲሙሌሽን» ይባላል። በዚህ ሕክምና እጅና እግር ተፍታትቶ አንደበት ሲተሳሰር ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ ቀዶ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም። አባትዎም «እንግዲህ ይኸው ነው» ተብለው መተው የለባቸውም።

ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ በፕሮፌሰር አሊም ሉዊ ቤናቢድና ባልደረቦቻቸው ከተጀመረ ወዲህ ለመንቀጥቀጥ፣ ለጡንቻ መገተርና ለእንቅስቃሴ መጓተት ትልቅ እፎይታ ሰጥቷል። ንግግርን ግን እምብዛም አያሻሽልም። ሌቮዶፓ የተባለው ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት የማያቃልለውን ምልክት ባትሪውም በአብዛኛው አያቃልለውም፤ ንግግር ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ ለቤተሰብ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገር መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የሚባባስበት አንዱ ምክንያት የኤሌክትሪኩ መስፋፋት ነው። ኤሌክትሮዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ በሚባል በጣም ትንሽ የአንጎል ክፍል ውስጥ ነው። ከጎኑ ወደ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ ትእዛዝ የሚያደርሱ የነርቭ መስመሮች ያልፋሉ። ኤሌክትሪኩ ከታሰበለት ቦታ አልፎ እነርሱን ሲነካ ድምፅ ይታነቃል፣ ቃላት ይጣበቃሉ። በሌላ አቅጣጫ እንቅስቃሴን ከሚያስተባብረው ከትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) የሚመጡትን መስመሮች ከነካ ደግሞ ንግግሩ የሰካራም ይመስላል። ሌሎቹ ምክንያቶች የሕመሙ መግፋትና፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመድኃኒቱ መጠን ከሚገባው በላይ መቀነሱ ናቸው።

መፍትሔያቸው ስለሚለያይ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ባትሪውን የሚያስተካክለው የነርቭ ሐኪም ማነቃቂያውን ለጊዜው አጥፍቶ አባትዎን ያናግራቸዋል። ንግግሩ ከተፍታታ ተጠያቂው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ሐኪሙም ኃይሉን ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪኩ የሚወጣበትን ነጥብ ይቀይራል፣ ወይም የተለመደውን 130 ሄርትዝ (በሰከንድ 130 ምት) ወደ 60 አካባቢ ዝቅ አድርጎ ይሞክራል። መንቀጥቀጡ በጥቂቱ ሊመለስ ስለሚችል ምርጫው የአባትዎ ነው። እርስዎ ግን ቤት ውስጥ ባትሪውን በፍጹም አያጥፉት፤ ሕመሙ በድንገት ሊጠናባቸው ይችላል።

በዚያ ቀጠሮ እርስዎ አብረው ይግቡ። አማርኛ የማይሰማ ሐኪም አባትዎ በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሲናገሩ ሰምቶ ደህና ናቸው ሊል ይችላል። በአማርኛ እንዲናገሩ ያድርጉ፤ በተለይ ጠ፣ ጨ እና ቀ ያሉባቸውን ቃላት ያስደግሟቸው፤ እነዚህ ድምፆች ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋሉና። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተቀዳ የድምፅ መልእክት ስልክዎ ላይ ካለ ይዘው ይሂዱ።

ከዚህ ጎን ለጎን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ እንዲላኩ ይጠይቁ። ኤልኤስቪቲ ላውድ የሚባለው ሥልጠና ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች የተዘጋጀ ነው፤ በሳምንት 4 ቀን ለ4 ሳምንት ይሰጣል፣ ዋና ዓላማውም ድምፅን ማጉላት ነው። ሕመምተኛው በየቀኑ የሚናገራቸውን አሥር ዐረፍተ ነገሮች ራሱ መርጦ ይለማመዳል፤ የአባትዎ በአማርኛ ይሁኑ። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ በለሆሳስ ሳይሆን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ያበረታቷቸው። ጥቅሙ ለደከመና ለሳሳ ድምፅ ነው፤ ድምፁ የታነቀው በኤሌክትሪኩ ከሆነ ግን አስቀድሞ ባትሪው ይስተካከል።

ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ትን የሚላቸው ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪማቸው ይደውሉ፤ የመዋጥ ችግር ምግብ ወደ ሳንባ አስገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል።